ስለተቆለፈበት አሻንጉሊትና ስለምትሄደው መምህርት

ለተከበሩ የጤና ኮሌጃችን ዲን
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣ የካራማራ ነፋስ ሳይጎዳዎት፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በጤና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በዚሁ ከተማ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ባለቤቴን አምና የቀበርኩ ሰው ነኝ። በሁዳዴ አሽሙር መጻፍ ጾም ያስገድፍ ይሆን ብዬ ራሴን ብጠይቅም፣ ዝም ማለቱ የባሰ ኃጢአት መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፦ ተማሪዎች መርፌ የሚለማመዱበትን አሻንጉሊት፣ እንግዳ ሲመጣ አዲስ ሆኖ እንዲታይ፣ ከነማሸጊያው ክፍል ቆልፈውበት ስላቆዩልን እናመሰግናለን። ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው የነርሲንግ መምህርት ሳሚያ ቁልፉን ብትለምንዎ «ይበላሻል» ብለዋታል። እውነትዎን ነው፤ የሚማሩበት ዕቃ ይበላሻል።

ሁለተኛ፦ ሳሚያ የራሷን ክንድ ለተማሪዎቿ እየሰጠች ታስተምራለች። ወደ ቤት ስትገባ እጅጌዋን ወደ ታች ስባ ነው። «ጋሼ፣ ማስተማሩንስ እወደዋለሁ፤ የሚያንገበግበኝ ሳይችሉ የማስመርቃቸው ናቸው» ትለኛለች። እርስዎ ግን በስብሰባ ላይ «መምህራኖቻችን በሥራቸው ረክተዋል» ብለው አስጨብጭበዋል አሉ። እሷም አጨብጭባለች፤ ክንዷ አብጦ ስለነበር ድምፁ አልደረሰዎት ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ይህችን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለቤቴ እናትአለም ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ግሉኮስ ልትሰካላት የመጣችው ልጅ የኮሌጅዎ ምሩቅ ነበረች፤ በመምህርቷ ክንድ ለመለማመድ ተራ ካልደረሳቸው አንዷ። ደም ሥሩን ደጋግማ ሳተችውና አለቀሰች። ባለቤቴም «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሌላኛው እጄ አለልሽ» አለቻት። የገደላት በሽታዋ ነው፤ ልጅቷን ረግሜያት አላውቅም። ግን እናትአለምን የሸኘኋት ሁለት እጆቿ እንደጠቆሩ ነው።

አሁን ሳሚያ መልቀቂያ አስገብታለች። ኤረር ከተማ ወርዳ ከወንድሟ ከጁነይድ ጋር ጨርቅ ልትነግድ ነው። ጨርቅ መልካም ነገር ነው፤ እኔም እንጀራዬ እሱ ነው፤ ቢወጉት አያምመውም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ሳትሳፈር ያንን በር ይክፈቱላት። «በሩ ከተከፈተማ ሻንጣዬን እፈታለሁ» ብላኛለች።

ለአሻንጉሊቱ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ልቦና፣ ለእኔም ትዕግሥት እንዲሰጠን ፈጣሪን እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኃይለጊዮርጊስ፣ ልብስ ሰፊ

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት፦ ሲታመሙ አዲስ አበባ ሄደው እንደሚታከሙ አውቃለሁ፤ ደግ ያደርጋሉ። ሕመም ግን የአውሮፕላን ሰዓት አይጠብቅም። እግዜር ያርቀውና አንድ ቀን እዚሁ ቢጥልዎት፣ አልጋዎ አጠገብ መርፌ ይዛ የምታለቅሰውን ልጅ እባክዎ አይቆጧት፤ ዲፕሎማዋ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።