የሳብያው ሐውሽ ከንቲባ፦ የአቶ ከሚል ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ ከሚል ይመር ምስር ይለቅሙ ነበር። ትሪውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠጠሩን ከምስሩ ይለያሉ። ቀኑ መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቦታው በሳዑዲ ደቡብ ጫፍ፣ ከሳብያ ገበያ ወጣ ብሎ ያለ፣ የእርሻና የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት ግቢ ነው፤ እነሱ ሐውሽ ይሉታል። በመሐሉ የግቢው ስልክ ጮኸ። ሠላሳ የሚሆኑት የወሎ ልጆች ሁሉ ወደ አቶ ከሚል ዞሩ። ከአገር ቤት እናቶች «ልጄ ደህና ነው ወይ?» እያሉ የሚደውሉበትን ይህን ስልክ ለዓመታት ያነሱት እሳቸው ነበሩና።

አቶ ከሚል ግን ቀና አላሉም።

«ጋሼ፣ ስልኩ» አላቸው አንዱ።

«ሰምቻለሁ። ከንቲባው ጌታቸው ነው፤ እሱ ያንሳ።»

«ጌታቸው ጢሙን እየተላጨ ነው።»

«እንግዲያው ግማሽ ጢም ያለው ከንቲባ ያንሳዋ።»

ጌታቸው አረፋውን ሳይጠርግ እየሮጠ መጥቶ አነሳው። አቶ ከሚል ያን ዕለት ማታ ለባለቤታቸው ደውለው የነገሯቸው ይህንኑ ነበር፤ ስልኩ ጮኾ እሳቸው አለመነሳታቸውን፣ ግቢውም ያለ እሳቸው መልስ መስጠቱን። ድምፃቸው የዒድ ቀን ድምፅ ይመስል ነበር።

አቶ ከሚል ከአባታቸው ከአቶ ይመር ሙሄ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘምዘም አሊ በ1951 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ተወለዱ። ቁርኣን መቅራትን ከአጎታቸው ዘንድ ተማሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሐይቅ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደሴ አጠናቀቁ። አብሮ አደጎቻቸው እንደሚሉት ኳስ አይሆንላቸውም ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ዳኛ ያደርጓቸው ነበር፤ እሳቸውም የወንድማቸውን ጎል ሳይቀር ሽረው ያውቃሉ።

በ1972 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ አስተዳደር ትምህርት እንዲከታተሉ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ላይፕዚግ ተላኩ። በበረዶው ወራት ብርዱ ስለጠናባቸው፣ እሑድ እሑድ ሙዚየም ወደ ሆነው የጥንቱ ማዘጋጃ ቤት ይገቡ ነበር። የሚገቡት ሙቀት ፍለጋ ነበር፤ እዚያ ስለ ከተማዋ የቀድሞ ከንቲባዎች ያወቁት ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን ከአፋቸው አልጠፋም። በዚያች ከተማ ለብዙ ዘመን ምክር ቤቱም ሦስት፣ ከንቲባውም ሦስት ነበር። አንዱ ዓመቱን ያስተዳድራል፤ ሁለቱ ወርደው ይቀመጣሉ፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ግን ይጠየቃሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ወንበሩ ወደ ቀጣዩ ይዞራል። አቶ ከሚል ነገሩን ሲያወሩ አያሳምሩትም ነበር፤ ወንበሩ የሚዞርላቸው ነጋዴዎችና የሕግ ሰዎች እንጂ ድሆች እንዳልነበሩ፣ እሳቸው በተማሩበት ዘመንም ያ ሥርዓት ከቀረ ብዙ ዘመን እንደሆነውና ከንቲባ የሚወጣው ከፓርቲው እንደነበር ይናገራሉ። የማረካቸው አንድ ነገር ነው፦ ከሥልጣኑ ወርዶ ከተተኪው አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሲጠይቁት የሚመክር ሹም። እሳቸው በአገራቸው በጸሐፊነት ባገለገሉባቸው ዓመታት ከንቲባ ሲሾምም ሲሻርም አይተዋል፤ አንዱ ለሌላው የቢሮውን ቁልፍ በእጁ ሲያስረክብ ግን አላዩም።

በ1979 ዓ.ም. ተመልሰው፣ በዓመቱ ወ/ሮ ሳሊሐ ሰይድን አገቡ። ሂክማን፣ ሸሪፍንና ሙፊዳን ወልደው አሳደጉ። በ1984 ዓ.ም. መዋቅር ሲለወጥ የሥራ መደባቸው ታጠፈ። የጽሕፈት መኪና ገዝተው፣ ከፍርድ ቤት ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፉ ልጆቻቸውን አስተማሩ። ኮምፒውተር መጥቶ መኪናዋ ሥራ ስትፈታ፣ በ1999 ዓ.ም. በእርሻ ጥበቃ ሥራ ወደ ሳዑዲ ሄዱ።

መጀመሪያ የተቀመጡት ፈይፋ ተራራ ላይ፣ በቡና እርከን ጥበቃ ነበር። ዳገቱ ጉልበታቸውን ስለጎዳው በሁለተኛው ዓመት ወደ ሳብያ ወረዱ። ከፊሉ፣ ማለትም በኃላፊነት ያስመጣቸው የእርሻው ባለቤት፣ ኢቃማቸውን ጊዜውን ጠብቆ ያድስላቸው ነበር። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በሐውሹ ከሚያድሩት መካከል እሱን የያዙ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በየመን በኩል ድንበር ጥሰው የገቡ ወጣቶች ናቸው።

ከሥራ በኋላ ሲቀመጡ አቶ ከሚል ስለ ላይፕዚግ ከንቲባዎች ያወሩ ነበር። ጃቢር የሚባለው ቀልደኛ፣ «ጋሼ፣ ሌላ አገር የለዎትም? ዛሬም ላይፕዚግ?» ይላቸዋል። «ሌላ አገር አንተ ሂድና ንገረኝ፤ የመንን ግን እንዳትጀምርብኝ» ይሉታል። ሳቁ እየበዛ ሄዶ ስማቸው «ከንቲባ» ሆነ። በቀልድ የወጣ ስም ውሎ አድሮ ሥራ ይዞ መጣ። የውኃ ቦቴ ሲመጣ ወረፋ የሚያስይዙ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ፣ የታመመን ሐኪም ቤት የሚያደርሱ፣ የሞተን ለቤተሰቡ የሚያረዱ እሳቸው ሆኑ። ወረቀት ያለው ሰው አይያዝምና፣ ሁሉም ነገር በእሳቸው እጅ ያልፍ ጀመር።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኢቃማቸውን ለማሳደስ ወደ ጂዛን ከተማ ሄደው እዚያው አደሩ። በዚያው ቀን ሚፍታህ የሚባለውን ልጅ ማሽላ ውስጥ እባብ ነደፈው። ጓደኞቹ አልጨከኑበትም፤ እግሩን አሰሩለት፣ ውኃ ሰጡት፣ ተራ በተራ አራገቡለት። ወደ ሆስፒታል ግን የሚወስደው ጠፋ፤ በሩ ላይ ቢያዙስ? «ከንቲባው ይምጣ» እያሉ አደሩ። አቶ ከሚል በማግስቱ ሲደርሱ እግሩ ጠቁሮ ነበር። ነፍሱ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሚፍታህ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ዛሬ እዚህ ለቅሶ ላይ በመካከላችን ተቀምጧል፤ ይህም በፈቃዱ ተጽፏል።

አቶ ከሚል ልጆቹን አልተቆጡም። ከዚያ ሁሉንም ሰብስበው፣ ከዚህ በኋላ ሦስት ከንቲባ ይኑረን፣ ዓመት ዓመት እንዟዟር፣ የዓመቱ ከንቲባ የታመመውን ራሱ ይዞ ይሂድ አሉ። ግቢው ተንጫጫ።

«ጋሼ፣ ኢቃማ የሌለው ከንቲባ የት አገር ነው ያዩት?»

«የላይፕዚጎቹ ኢቃማ ነበራቸው ብዬሃለሁ?»

«እነሱ አገራቸው ነዋ። እኛ ስንያዝስ?»

«ልትያዙ ትችላላችሁ» አሉ አቶ ከሚል፤ «አልዋሻችሁም። ግን የአንድ ሰው ወረቀት ላይ ሠላሳ ነፍስ አንጠልጥለን እስከ መቼ? እኔ ነገ ብታመም፣ ብሞት፣ ይህ ግቢ ምን ሊሆን ነው? እንጀራ ተካፍለን ኖረናል፤ ፍርሃቱንም በተራ እንካፈለው።»

ጌታቸው እጁን አወጣ፤ ጃቢር ተከተለ። በ2015 ወንበሩ ለጌታቸው፣ በ2016 ለጃቢር፣ በ2017 ተመልሶ ለአቶ ከሚል እንዲሆን ተስማሙ። ወንበር ይባል እንጂ የነበረው የጠርሙስ ሳጥን ነው። አቶ ከሚል ከዚያ ወዲህ ስለ ከንቲባዎች ታሪክ ማውራት ቀነሱ። የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግቢው ያለ እሳቸው መቆም መቻሉ። «እኔ እያለሁማ ሁሉም ጎበዝ ነው» ይሉ ነበር።

ክፉው ቀን የመጣው በራሳቸው ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ኩላሊታቸው ደከመ፤ እግራቸው አብጦ መቆም አቃታቸው። ዓመቱ የጃቢር ነበር። ጃቢር ወረቀት የሌለው የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የአባቱ ስም እዚህ እንዳይጻፍ ጠይቆናል። መኪና ይዞ ሊወስዳቸው ሲመጣ አቶ ከሚል ተቃወሙ።

«የከፊሉ ሾፌር ያደርሰኛል። አንተ ቅር።»

«ሾፌሩ በር ላይ ጥሎዎት ነው የሚመለስ። ማን ያስገባዎታል?»

«ጃቢር፣ ልጆች አሉህ።»

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ከንቲባው ማነው?»

«አንተ ነህ» አሉ አቶ ከሚል።

«አንቱ ወርደዋል። መምከር ይችላሉ፣ ማዘዝ አይችሉም። ሕጉን ያወጡት አንቱ ነዎት። ያላ፣ ጫማዎን ያድርጉ።»

በራሳቸው ሕግ ተረቱ። ጌታቸው እንደሚለው ሕመማቸው እያሠቃያቸው ሳቁ፤ እግራቸው ስላበጠም ጫማውን ጃቢር አጎንብሶ አደረገላቸው።

በሆስፒታሉ በር ጥበቃው «ምኑ ነህ?» ብሎ ጃቢርን ጠየቀው። ከንቲባው ነኝ ለማለት የሚሆን ዓረብኛ አልነበረውም። «ልጁ ነኝ» አለ፤ ጥበቃውም አሳለፈው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ይመጣ ነበር። ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር እንደነበር ነግሮናል፤ አንድ ቀን ግን አልቀረም። ሩዝ ቀቅሎ ያመጣል፣ ሰውነታቸውን ያጥባል፣ የግቢውን ወሬ ያወራል። ወ/ሮ ሳሊሐንና ልጆቻቸውን በስልክ እያገናኘ ፊታቸውን ያሳያቸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ከሚል፣ «ስትገባ ትፈራለህ?» አሉት።

«አዎ።»

«እኔም እፈራ ነበር። ኢቃማዬ ኪሴ እያለ።»

ጃቢር ይህን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ቀጥለው፣ «የ2017 ተራዬን ባዶ አታድርጉት፤ ለአብዱልፈታህ ስጡት» አሉ፤ እሱም ከሐውሹ ልጆች አንዱ ነው።

«እሱ እኮ ቁጡ ነው፣ ጋሼ።»

«ዓመት ብቻ ነው። ሁለታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።»

አቶ ከሚል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ጃቢር አጠገባቸው ነበር። ለወ/ሮ ሳሊሐ ደውሎ ያረዳቸውም እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ይንገርልኝ አላለም። ከፊሉ ወረቀቱን አስጨርሶ፣ በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሳብያ መቃብር አረፉ። ጌታቸው ክርስቲያን በመሆኑ ከመቃብሩ በር ውጭ፣ ፒካፑ አጠገብ ቆሞ፣ የሁሉንም ስልክና ጃኬት ይዞ ጠበቃቸው።

አቶ ከሚል ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሳሊሐ ሰይድን፣ ልጆቻቸውን ሂክማን፣ ሸሪፍንና ሙፊዳን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በሳብያ «ጋሼ» የሚሏቸውን ብዙ ወንድ ልጆች ትተውልናል። በዚህ በሐዘናችን ከጎናችን ለቆማችሁ፣ ለሰደቃው ለደከማችሁ ሁሉ አላህ ይስጥልን።

ያ በዳገት የደከመ ጉልበታቸውን አላህ በጀነት ያሳርፍላቸው። ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ በእንግድነት አገር ለሰው ያበሩትን ያህል ያብራላቸው። አሚን።

ከቀብር መልስ በሐውሹ ሁሉም ተሰብስቦ ተቀምጦ ነበር። ጃቢር በመካከላቸው ቆሞ፣ «አብዱልፈታህ፣ ከመስከረም ጀምሮ ተራው ያንተ ነው። እኔና ጌታቸው አጠገብህ ነን» አለ። ቁጡው አብዱልፈታህ «እሺ» ብቻ አለ። ከዚያ ጃቢር ለቀብሩ ከጎረቤት እርሻ የተዋሱትን ሁለት አካፋዎች ወደ ቧንቧው ወሰደ፤ አፈሩን በእጁ እያሸ አጠባቸው፣ በጨርቅ አደረቃቸው፤ ወደ ጎረቤቱ እርሻ መጋዘን ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፋቸውና በሩን ዘግቶ ወጣ።