ለጎረቤት የተካፈለው ኪኒን

ሰኞ

ባለቤቴ ጥሩወርቅ የማርማላታውን ጠርሙስ ዛሬ ራሷ ከፈተችው። ጣቶቿ በመገጣጠሚያ ብግነት ካበጡ ወዲህ ክዳን ከፋቹ እኔ ነበርኩ። አዲሱ ኪኒን እየሠራ ነው። እዚህ አይገኝም፤ ሐኪሟ ሲያዝላት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ ላከልን።

«ግን እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች።

ብግነት የሚቀሰቅስ መልእክት የሚያቀብል ኢንዛይም አለ፤ ኪኒኑ ደቃቅ ሞለኪውል ስለሆነ ሴሉ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና የኢንዛይሙን የሥራ ቦታ ይይዝበታል፤ ኢንዛይሙም ሥራ ይፈታል አልኳት።

«የታክሲ ወንበር ቀድሞ እንደመያዝ?»

ክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ ምሳሌ አግኝቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብ ያለ ምርኩዝ ጊዮርጊስ አደባባይ ድረስ ሄደው ተመለሱ። «መምህር፣ ጉልበቴ ኮረዳ ሆኗል» አሉኝ። ቅባት ያገኙ መስሎኝ እሰየው አልኩ።

ረቡዕ

የኪኒኑ ብልቃጥ ቀለለብኝ። ጥሩወርቅን ጠየቅኋት።

«ለዘይነብ አካፈልኳት። ስኳሩን፣ በርበሬውን ስንካፈል ኖረን በዚህ ልሰስት? የታክሲውንም ነግሬያታለሁ፤ ወዲያው ነው የገባት።»

ያልነገርኳት አለ። ያው ኢንዛይም ከበሽታ የሚጠብቁንን ሕዋሳትም ያዛል። እሱ ሲታገድ ተኝቶ የኖረ የሳንባ ነቀርሳ ሊነሣ ይችላል። ሐኪሙ አስቀድሞ የመረመራት ለዚህ ነበር። እንዳትፈራ ብዬ ዘለልኩት። እትዬ ዘይነብን ደግሞ ከክረምት ጀምሮ ያስላቸዋል፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ እሰማለሁ።

ሐሙስ

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ዛሬውኑ ያቁሙ፣ አክታቸው ይመርመር አለ። ሄጄ ለእትዬ ዘይነብ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

«ሳሉማ ከማዶ የፈረሰው ቤት አቧራ ነው። ጉልበቴን መልሰው ሊወስዱብኝ ነው የመጡት?»

እጄን ዘረጋሁ። የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው የተረፉትን ኪኒኖች መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ዓርብ

ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። እትዬ ዘይነብ አክታ ሰጡ። ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል ተባለ።

ቤት ስንገባ ለጥሩወርቅ ኪኒኗን ከውኃ ጋር አቀረብኩላት።

«የሷ ሳይታወቅ እኔ አልውጥም።»

የእሷ ማቆም ለእትዬ ዘይነብ የሚጨምርላቸው ነገር እንደሌለ በሥርዓት አስረዳኋት። «ገብቶኛል» አለችና ብርጭቆውን መለሰችልኝ።

እሑድ

ከግድግዳው ወዲያ ሳሉ አለ። ጥሩወርቅ የማርማላታውን ጠርሙስ ይዛ ጥቂት ታገለችው። ከዚያ ፊቴ አስቀመጠችው።

ከፈትኩላት።