ማተብ የሌለው ከታቢ

የካቲት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.
ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር፣ አንድ መንደር። የፈንጣጣ ክትባት። እኔ ሠላሳ አንድ ሰው ከተብሁ፤ ባልደረባዬ እንድሪስ አራት። መርፌው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ... ሰዉ ግን መጀመሪያ የሚያየው አንገታችንን ነው። የኔ ማተብ አለበት፤ እሱ እስላም ነው።
"ጋሼ ሥዩም፣ ዛሬ ነጠላ ሳይ ዋልሁ። ክንድ የሚገልጥልኝ የለም" አለኝ ማታ።
ሳቅን።

የካቲት 5 ቀን
ከአለቃ ደብዳቤ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁጥሩ ካልተሻሻለ እንድሪስ ይሰናበታል። ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

የካቲት 6 ቀን
ከገበያ የማተብ ክር ገዛሁለት። "ለሥራ ሰዓት ብቻ እሰረው፤ ማታ ትፈታዋለህ።"
መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየው።
"ክንዳቸውን እንዲሰጡኝ በአንገቴ ልዋሻቸው?"
ቁጣ የለበትም። አጣጥፎ መለሰልኝ። "ለእርስዎ ክቡር ነገር ነው፤ እኔ ካሰርሁት ግን ማታለያ ይሆናል።"
ምነው ክቡርነቱ ለእኔ ቀድሞ አልታየኝ?

የካቲት 8 ቀን
ስለ መንገድና ስለ ጭነት በቅሎዋ ብቻ ተነጋገርን።

የካቲት 10 ቀን
ባለፈው ሳምንት ወደ ነበርንበት መንደር ተመለስን። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ሕፃን አዝለው መጡ። ታላቁን ልጃቸውን ባለፈው የከተብሁት እኔ ነኝ። አሁን እንድሪስ ፊት ቆሙ።
"ማተብህስ?"
"እስላም ነኝ እናቴ።"
"ያማል?"
"ያማል። ያብጣል፣ ያተኩሰዋል። እንዳያከው ይጠብቁት። ቅርፊቱ ሲወድቅ ይድናል።"
ወደ እኔ ዞሩ። "ይህ ባለ ማተቡ፣ 'እንደ ቁንጫ ንክሻ ነው' ብሎኝ ሄደ! ልጄ እንደ ምድጃ ሲነድ ሞተብኝ ብዬ ጎረቤት ሰበሰብሁ።"
ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ... ብዬ ነበር። ለሁሉም እንደዚያ ነው የምል።
ሕፃኑን አውርደው ለእንድሪስ ሰጡት። "በል፣ አንተ ክተበው። ቢያንስ የሚመጣውን ነግረኸኛል።"
ሃያ ሁለት ሰው ከተበ።
ስንመለስ "ስለ ክሩ ይቅር በለኝ" አልሁት።
"እንዳልባረር ብለው እኮ ነው፤ ገብቶኛል" አለ።

የካቲት 13 ቀን
ለአለቃ ጻፍሁ። "እንድሪስ ይቆይ። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፤ የክትባቱን ሕመም ለሰው ደብቄ ነበር።" እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፈርሜ አላውቅም።

የካቲት 17 ቀን
የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ቀን። ጠዋት መልስ ደረሰ፤ ይቆያል። እንድሪስ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።
ስድስት ሰዓት ላይ ለሶላት ከጉብታው ጀርባ ሊሄድ ተነሣ፤ እንደ ወትሮው። "ምን ያርቅሃል? ጥላው እዚህ ነው" አልሁት። ግራሩ ሥር ጋቢውን አነጠፈ።
አቶ ሀብቴ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። እኔ ልክተብዎ ብላቸው፣ "ልጁ ይጨርስ፣ አልቸኩልም" ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።
እኔም ሌላውን ሰው ጮክ ብዬ ጠራሁ።
"ቀስ በል እንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። "ሰው እየጸለየ አይደለም?"