የማዳበሪያው ኮርኒስ

ሚያዝያ 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጠዋት

አሥራ አንደኛ ሙከራ። ከጨንቻ የመጣ የቀርከሃ ቅጠል አመድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አንድ ሰዓት ማፍላት፣ ማጥለል፣ የባትሪ አሲድ ጠብ ጠብ። ነጭ ዝልግልግ ሲሊካ ወጣ። በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ላይ ቀባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክብሪት ጫርኩ። ያልተቀባው ወዲያው ተያያዘ፣ እየቀለጠ ተንጠባጠበ። የተቀባው 40 ሰከንድ ቻለ። ደገምኩ። ያው። ማስታወሻዬ፣ ጡረታ ከወጣሁ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሚያዝያ 5

ግቢው ተሰበሰበ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንደማደርገው፣ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን አሳየሁ። አጨበጨቡ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስቴር ከቅቡ አንድ ባልዲ ወሰደች። የሷም ኮርኒስ እንደ ሰፈሩ ሁሉ የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ባሏ አቶ ዳንኤል ሸማኔ ነበር፤ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከአልጋ አይነሳም። ኮርኒሱን ዕለቱን ቀባችው።

ሚያዝያ 15፣ ከሰዓት

ዝናቡ የወ/ሮ አስቴርን ማድቤት ግድግዳ ጣለው። እሳቱን ቤት ውስጥ አስገብታለች፣ ከአልጋው አጠገብ። ባሏን እያየች ታበስላለች። ኮርኒሱ እንደሁ አይቃጠልም ትላለች። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ። የደረቀውን አልሞከርኩም።

ሚያዝያ 16

ያኔ የተቀባ ቁራጭ ነበረኝ። ስነካው ቅቡ እንደ ዱቄት ረገፈ። በ3 ሰከንድ ተያያዘ። እሳቱን ያቆመው ሲሊካው አልነበረም፤ ያልደረቀው ውኃ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢሠራው በቀይ የማሰምርበት ስህተት።

ሚያዝያ 17

ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ተማሪዬ የነበረችው ማርታ አሁን እዚያ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። በትዕግሥት አስረዳችኝ። ቅንጣቱ በማይክሮስኮፕ እንኳ በቀላሉ የማይታይ፣ ናኖ የሚሉት መጠን ይሁን። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሳለ ውስጡ እኩል ይበተን፣ እንዳይጓጉል። ያኔ ሲቃጠል ላዩ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ሙቀቱን ያዘገያል። ይህን የሚሠራ ማሽን እዚህ የለም። ቢኖርም ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ስወጣ፣ “ቲቸር፣ ዛሬውኑ አውርዱት ይበሏቸው” አለችኝ።

11 ሰዓት። ለወ/ሮ አስቴር ነገርኳት። ደረቁን ቁራጭ ፊቷ አቃጠልኩ። ቢያረጅ ነው አለች። አቶ ዳንኤል ከአልጋው ሳቀ፤ መምህር ጡረታ ወጥተው ፈሪ ሆኑ አለ። ለመንኳት።

“ሌላ ሰው ቢለኝ እሰማ ነበር” አለች። “በዓይኔ ያሳዩኝ ግን እርስዎ ነዎት።”

ደግሞስ የት ታብስል? ባለፈው ብቻውን ትታው ወጥታ ምራቁ አንቆት ነበር።

ሚያዝያ 19

ሁለት ባልዲ ውኃ ደጃፏ አስቀመጥኩ። በአንዱ ልብስ አጠበችበት፣ አመሰገነችኝ። ከግድግዳው ማዶ እንጨቱ ሲንጣጣ ይሰማል። ማንበብ አልቻልኩም።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡10

ወ/ሮ አስቴር ፈትል ልትሸጥ ሲቀላ ገበያ ትወርዳለች። እስክትመለስ አቶ ዳንኤልን እንድጠብቅላት ጠይቃኛለች፣ እንደ ሁልጊዜው። መሰላል ተውሻለሁ። መቀስ አለኝ። ኮርኒሱን ከአልጋው በላይ ካለው ማውረድ እጀምራለሁ። አቧራው ፊቱ ላይ እንዳይወርድ አንሶላ። እሱ ይጮህ ይሆናል፤ ተነስቶ ግን አይከለክለኝም፣ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። እሷ ከእንግዲህ መምህር አትለኝም። ጉልበቴ መሰላሉን ይቻለው አይቻለው አላውቅም። ልትሄድ ነው፣ እየጠራችኝ ነው።