ያልተወለደው ወንድሜ ከመዝገብ ይሰረዝልኝ

ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሊቀመንበር
ኮልፌ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ሰርኬ መሸሻ፣ ኮልፌ፣ አጠና ተራ አጠገብ

ጉዳዩ፦ የሌለ ወንድሜ ከቤተሰብ ቅጽ ተሰርዞ ለመውጫ ቪዛ የሚያስፈልገኝ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ስለማመልከት

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህን ማመልከቻ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ እንዳይስቁ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ከጨረሱ በኋላ መብትዎ ነው። እኔም ስጽፈው ሁለት ጊዜ ስቄያለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አልቅሻለሁ።

1. እኔ አመልካች የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ የአጠና ነጋዴው የአቶ መሸሻ ብቸኛ ልጅ ነኝ። ሙያዬ እግር ኳስ ተጫዋችነት ነው። ይህን ስናገር የቀበሌያችን ጸሐፊ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀና ቅጹ ላይ «የቤት እመቤት» ብሎ ሞላልኝ። የምመራው ቤት እንደሌለኝ፣ ወጥ የሠራሁ ቀን ጎረቤት እንደሚሰጋ እያወቀ ነው። ሆኖም ጣሊያን አገር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሴቶች ቡድን ውስጥ፣ ከመስከረም 1975 ጀምሮ በውል ተቀጥሬ የምጫወት የግራ ተከላካይ ነኝ።

2. እዚያ የደረስኩት በችሎታ ነው ብዬ ጽሕፈት ቤቱን ማታለል አልፈልግም። በምሠራበት የሹራብ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ ጣሊያናዊ ነበር። በምሳ ሰዓት ከወንዶቹ ጋር ስጫወት አይቶኝ፣ የሴቶች ቡድን ለምታሠለጥን እኅቱ ስለ እኔ ጻፈላት። ምን ብሎ እንደጻፈላት አላውቅም። አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበለችኝ ጊዜ ግን ከበስተኋላዬ ሌላ ረጅም ልጅ ትኖር እንደሆነ አንገቷን አስግጋ ስታይ ነበር።

3. የመጀመሪያ ጨዋታዬን ያደረግሁት በበረዶ ላይ ነው። ገብቼ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በአራተኛው ቆሜ ኳሷን ስመታት ጎል ሆነች፤ የገባችው ግን በራሳችን መረብ ነው። በማግሥቱ ስሜ ጋዜጣ ላይ ታትሞ ሳይ፣ ቋንቋውን ስላልቻልኩ ምስጋና መስሎኝ አምስት ቅጂ ገዛሁ። አንዱን ለአባቴ ላክሁለትና በመስታወት አሠርቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከጣሊያኖች ጋር የሠሩት ጎረቤታችን አቶ ተክለሃይማኖት መጥተው እስኪያነቡለት ድረስ ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለው ከረመ። አባቴም ካስነበበ በኋላ «ያም ሆኖ ጎል ነው» ብሎ አላወረደውም። ጽሕፈት ቤቱ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጎሎች በትክክለኛው መረብ ያገባሁ መሆኔን ነው። በዚህ ዓመት ከቡድኑ ጨዋታዎች አንዱም አላመለጠኝም። እዚያ ሜዳ ውስጥ ስገባ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን ልትሠራ መጣች የሚለኝ የለም።

4. አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። በግንቦት 1973 ቀበሌያችን ለዋንጫ ሲደርስ፣ ዋዜማውን የአጥቂያችን እግር ተሰበረ። ያኔ የስፖርት ኮሚቴ ኃላፊ የነበሩት፣ ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሆኑት ጓድ ሀብተማርያም ቤታችን መጡና ወንድ ሆኜ እንድጫወት ጠየቁኝ። ለመጫወት ደግሞ በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ መመዝገብ ግዴታ ነበር። ስሙ ማን ይሁን ሲሉ፣ አባቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስብ «ወንድይፍራው» አለ። ወንድ ብሆን ኖሮ ሊያወጣልኝ ያዘጋጀው ስም ነበር። በዚህ ዓይነት ወንድይፍራው መሸሻ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት በአንድ ምሽት፣ ያለ ምጥ፣ ከነዕድሜው ተወለደ።

በጨዋታው ዕለት ፀጉሬን አሳጥሬ፣ ኮፍያ ደፍቼ ገባሁ። መልኬን አይቶ የተጠራጠረ አንድም ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያስከፋኛል። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ጉልበቴን ገጭታ ገባችና ዋንጫውን ወሰድን።

5. ከዚያ በኋላ ወንድይፍራውን የሰረዘው የለም። እኛም ዝም አልን። እውነቱን ልናገርና፣ በስሙ ከቀበሌው ሱቅ የሚደርሰውን ስኳር ሦስት ዓመት ሙሉ ጠጥተንለታል፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባቴን ግን ከስኳሩ ይልቅ የጣመው ሌላ ነገር ነው። አጠና ተራ ውስጥ «የወንድይፍራው አባት» ብለው ሲጠሩት ቀና ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ በሌለ ወንድሜ እቀና ነበር።

6. ባለፈው ሰኔ፣ የጨዋታው ወቅት ሲያልቅ፣ አባቴ የዐይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ስለሆነ ላስታምመው ብዬ መጣሁ። በመጣሁ በሳምንቱ የአብዮት ጠባቂዎች በራችንን አንኳኩተው፣ ወንድይፍራው መሸሻ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏልና ይቅረብ አሉ። አባቴ ዐይኑ በፋሻ እንደታሰረ «ይመጣል፣ ወጣ ብሎ ነው» አላቸው። ምን ነካው? በኋላ ስጠይቀው፣ ልጁ ፈርቶ ተደበቀ እንዲባልበት አለመፈለጉን ነገረኝ። በዚህ ምክንያት ወንድሜ እስካሁን ወጣ እንዳለ ነው።

7. የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ ቀበሌ ስሄድ ጓድ ሀብተማርያም በሰው ፊት «መጀመሪያ ወንድምሽን አቅርቢ» አሉኝ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ወንድሜን ራሳቸው በፈረሙበት ቅጽ የፈጠሩት እሳቸው ናቸውና። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰው ሲወጣ፣ ወንድይፍራው ሴት ነበር ከተባለ ዋንጫው ይመለሳል፣ ስም ዝርዝሩም ወደ ከፍተኛው ስላለፈ ከእጄ ወጥቷል ብለው ነገሩኝ። ዋንጫው ከጀርባቸው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ዳንቴል አልብሰውታል።

እንግዲያው የተሸነፉት ይመስክሩልኝ ብዬ የዚያን ጊዜ አምበላቸውን ገመቹን አየር ጤና ካለው ጋራዥ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ከመኪና ሥር ሳይወጣ አዳመጠኝና፣ እሱን ያለፈው ወንድ እንደነበረ፣ ያውም ትከሻው ሰፊ እንደነበረ ማለለኝ። ዋንጫውን ቢሰጡትም አይቀበልም። ስለዚህ፣ ክቡር ጓድ፣ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ወገን፣ ወንድይፍራው በሕይወት እንዲኖር ይፈልጋል። የማትፈለገው ሰርኬ ብቻ ናት።

8. ውሌ ነሐሴ 20 ቀን በቡድኑ እንድገኝ ያስገድደኛል። ካልተገኘሁ ቦታዬን የምትይዝ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለች። ከእኔ ትፈጥናለች፤ ይህን አሠልጣኟ እንዳትነቃ ሁለት ዓመት ደብቄያለሁ። አንድ ጊዜ ከገባች አትወጣም፣ እኔም አልገባም። የወጣ ሰው አይመለስም የሚል ሥጋት ካለ፣ እኔ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሞኝ ብሎኛል፤ ሞኝነቴ ለዚህ ጊዜ እንኳ ዋስ ይሁነኝ።

9. ስለዚህ፣
ሀ) ወንድይፍራው መሸሻ የሚባል ሰው አለመኖሩ ታውቆ ከቤተሰብ ቅጻችንና ከምልመላው ዝርዝር እንዲሰረዝ፤
ለ) ቀበሌያችን የድጋፍ ደብዳቤውን እንዲጽፍልኝ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ፤
ሐ) ዋንጫው ከነዳንቴሉ ባለበት እንዲቀመጥ እለምናለሁ። እኔ አልፈልገውም። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ግን ወንድይፍራው ሆኜ ለውትድርና ልቅረብና የሐኪም ምርመራው ይፍረድልኝ።

ይህን ስጽፍ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ፋሻው ከተፈታለት አራተኛ ቀኑ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ወንድይፍራው አንድም ቃል ለመመስከር እምቢ ብሎኝ ነበር። ዛሬ «ያልሽውን አንብቢልኝ» አለና እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አውጪ አለኝ። የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌ አያይዣለሁ።

ቀኑ እያለቀብኝ መሆኑን በማሳሰብ፣ ከአክብሮትና ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሰርኬ መሸሻ
እግር ኳስ ተጫዋች

አባሪ፦
— የቡድኑ ውል ከነትርጉሙ፣ 2 ገጽ
— በራሴ መረብ ስላገባሁት ጎል የወጣ ጋዜጣ፣ 1 ቅጂ (ሌላው ከግድግዳ ስለማይወርድ)
— በአባቴ በአቶ መሸሻ የጣት አሻራ የተረጋገጠ ቃል፣ እንደሚከተለው፦

«ወንድ ልጅ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟ ሰርኬ ነው። ያን ቀን ጎሉን ያገባችው እሷ ናት። ከእንግዲህ አጠና ተራ ሲጠሩኝ በእሷ ስም ይጥሩኝ። ትሂድና ትጫወት።»