ብጉርን በልብስ ሳሙና ድል ላደረጉት ርእሰ መምህር

ለተከበሩ የልጄ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም የፊትዎን ቆዳ ደኅንነት እመኝልዎታለሁ። እኔ የአንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እናት ስሆን፣ በሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ሐኪሞቻችን አንድን ብጉር የበዛበት ፊት ለማከም ወራት ሲፈጅባቸው እያየሁ ኖሬ፣ እርስዎ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ድፍን የልብስ ሳሙናና በአንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነገሩን እንደጨረሱት ስሰማ፣ ዕድሜዬን በከንቱ እንደፈጀሁት ገባኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎም እንዲህ ያለ ዕውቀት በአንድ ግቢ ታጥሮ መቅረት ስለሌለበት ነው።

አሠራርዎን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ዘወትር ጠዋት ተማሪዎች ሲሰለፉ እርስዎ ነጭ ሶፍት ይዘው በመካከላቸው ያልፋሉ፤ ብጉር ያለበትን ጉንጭ ይጠርጋሉ፤ ሶፍቱ ላይ ምልክት ከታየ ተማሪው «ንጽሕና የጎደለው» ተብሎ ይመዘገብና ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለው ቧንቧ፣ ጓደኞቹ እያዩት፣ ፊቱን በስፖንጅ ይፈትጋል። በማግሥቱ የተፈተገው ፊት ይደማል፤ ደሙ ሶፍቱ ላይ ይታያል፤ ተማሪው እንደገና ወደ ቧንቧው ይላካል። ልጄ በዚህ መንገድ ዘጠኝ ቀን ተመላልሳለች። ቁስሉን ያመጡትም፣ ቁስሉን ማስረጃ ያደረጉትም እርስዎው መሆንዎን ሳያስተውሉ የቀሩት በሥራ ብዛት እንደሆነ አልጠራጠርም።

አቤቱታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በልጄ አፍንጫ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች «ያልታጠበ እድፍ» ብለው ስለመዘገቡልን አመሰግናለሁ። እኛ የምናውቀው፣ ከቆዳ ሥር ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩት ቅባት ከሞተ ቆዳ ጋር ተደባልቆ ቀዳዳውን እንደሚደፍነው፣ አፉ ክፍት የሆነው አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁር፣ አፉ የተዘጋው ደግሞ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር ብቻ ነበር። እድፍ ስላልሆነ በመፈተግ አይለቅም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

፪. በወላጆች ስብሰባ ላይ ብጉር የሚመጣው «ከስንፍና፣ ከቸኮሌትና ወንድ ከማሰብ» እንደሆነ በድምፅ ማጉያ አስተምረውናል። በጉርምስና ዕድሜ ሆርሞን ሲጨምር ዕጢዎቹ ቅባት እንደሚያበዙ፣ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያ ሲራባ ቆዳው እንደሚቆጣ፣ ነገሩ በዘር እንደሚወረስ፣ አንዳንድ መድኃኒትና ቅባት የበዛበት መዋቢያም እንደሚያባብሰው ስንማር የኖርን ሰዎች እጅግ አፍረናል። ስለ ምግብማ ባለሙያዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እርስዎን ቢያማክሩ ኖሮ ክርክሩ በአንድ ስብሰባ ባለቀ። የልጄ አባትም በእሷ ዕድሜ ፊቱ እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ማንን ያስብ እንደነበር በትምህርትዎ መሠረት ሳልውል ሳላድር እጠይቀዋለሁ።

፫. ብጉር ሁሉ አንድ አይደለም። ትንንሽ ቀያይ እብጠቶች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ መግል የሚቋጥሩ አሉ፤ ከቆዳ ሥር ጠልቀው እንደ ጠጠር የሚጠነክሩ፣ ገና ሲነኳቸው የሚያሙም አሉ። በልጄ ግራ ጉንጭ ላይ የነበሩት ሁለቱ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ናቸው፤ እነሱ ተፈትገው ሲፈርጡ ጠባሳ ይተዋሉ። እርስዎ ግን አድልዎ ስለማይወዱ ሁሉንም በአንድ ስፖንጅ አስተናገዱ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ መጽሐፉን ትቶ የሰው ልጅ የሚያጥብ ግን በዘመኔ ያየሁት እርስዎን ነው።

፬. አራተኛውን በጨዋታ መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ልጄ ከመኝታ ክፍሏ ሳትወጣ አሥራ አንድ ቀን ሆናት። መስተዋቷን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። በሩን ስከፍት ገና ምንም ሳልላት «እማዬ፣ ታጥቤያለሁ እኮ፤ ሁለቴ ታጥቤያለሁ» ትለኛለች። የሰው ልጅ ቁስል ሳጥብ ስውል፣ የራሴ ልጅ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፍራ ስትደብቀኝ አለማወቄ ያንገበግበኛል። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ካልተፈተነች ዓመቷ ባከነ።

ምክትልዎ ግን ምስጋና ይግባቸውና መፍትሔ አላጡም። በስልክ ደውለው «ሲስተር፣ ባያካብዱት ምን አለ? ትንሽ ፓውደር ቢጤ ቀባ ያድርጉላትና ይላኳት» ብለውኛል። የተደፈነን ቀዳዳ ዳግም በፓውደር መድፈን ማለት ነው፤ የአለቃና የምንዝር አንድነት እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ከልጄ ጎን እሰለፋለሁ፤ ሶፍትዎን ይዘው ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያገኙት የእኔን ጉንጭ ይሆናል። ልጄ እሺ ትበል አትበል ገና አላወቅሁም፤ ትናንት ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሷ ባትመጣም እኔ በቦታዋ እቆማለሁ፤ ያ መዝገብ እስኪቀደድ ድረስም በየማለዳው እመላለሳለሁ።

ሳይማሩ ስላከሙ፣ ሳይጠየቁ ስለፈረዱ፣ በልጆች ፊት ላይም የማይለቅ አሻራ ስላኖሩ፣ በአንድ እናት ልብ ውስጥ ያለውን ንቀት በሙሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር አቀርብልዎታለሁ።

«ንጽሕና የጎደላት» ተማሪ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ታናሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደረጃው ላይ «ትምህርት ቤት» ሲጫወቱ ሰማኋቸው። አስተማሪ ለመሆን፣ ዘበኛ ለመሆን፣ ቧንቧውን ለመሆን እንኳ ተሻሙ፤ እርስዎን የሚሆን ግን ጠፋ። በመጨረሻ ዕጣ ተጣጣሉ። ዕጣው የወጣባት ልጅ አልቅሳ ቤቷ ገባች።