«ያልቃል» ያልኩት እኔ ነኝ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ከዲላ አጠገብ፣ ጪጩ ከነበረው ስልጠና አሁን ገባሁ። ድምፄ ተዘግቷል። ስልሳ ሰው ጠርተን መቶ ገደማ መጣ። አበል አለ ስለተባለ ይሆናል… ይሁን፣ ሰምተዋል። መብራት ስለጠፋ ፕሮጀክተሩን ትተን በፖስተር ሠራን። በግራ በኩል ቀይ ፍሬ ያንዠረገገ ቡና፣ በቀኝ በኩል የተሰነጠቀ መሬት።

ከመጀመራችን በፊት ከፍያለው ወደ ጥግ ሳበኝ። የአየር ንብረት ፕሮጀክታችን አስተባባሪ ነው፣ ኮንትራቴን የሚያድሰው እሱ። «ፍሬ፣ ያንን 'ምናልባት፣ ሊሆን ይችላል' የምትለውን ዛሬ ተወው። ሰው ካልፈራ ከተቀመጠበት አይነሳም።»

ተነሳሁና በአማርኛ፣ ከዚያ በምችላት ጌዴኦኛ፣ «ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እዚህ አካባቢ ቡና የሚባል ነገር የለም፤ ያልቃል» አልኩ። ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። ሲፈሩ ማየት… ደስ አለኝ እንዴ? ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ይርጉ ይባላሉ፣ የሚስቴ የኤልቤቴል አባት በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

«ያልቃል? ሁሉም?»

«ሁሉም» አልኳቸው።

የምናስተምርበት የጥናት ሰነድ እንዲህ አይልም። «ለቡና ተስማሚ የሆነው መሬት በአንዳንድ ቦታዎች ሊቀንስ ይችላል» ነው የሚለው። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታዲያ ለምን «ሁሉም» አልኩ?

ጥር 18፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ጪጩ፣ የሚስቴ ቤተሰቦች ዘንድ ምሳ። አባቷ ወንጌላዊ ተሾመ ገና እጄን ሳልታጠብ ጀመሩኝ።

«ልጅ ሳለሁ አንድ ባለሙያ በመኪና መጥቶ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ እንሰት የለም፣ በሽታ ይጨርሰዋል አለን። እናቴ አለቀሰች። አሁን የምትበላው ምንድነው?»

«ቆጮ ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፃቸው ከበደ። «ምድርን የያዛት ማን እንደሆነ እያወቅህ የእግዚአብሔርን ሕዝብ በደመና ታስፈራራለህ? ለኖኅ ቃል ተገብቶለታል። ዘርና መከር አይቀርም። ፍርሃት ደግሞ ከማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።»

እጄን ልታጠብ ተነሳሁ። ግማሽ ልቤ ከእሳቸው ጋር ነው… ከግማሽም በላይ። ዩኒቨርሲቲ ልማር ዲላ ከመጣሁ ጀምሮ ስንት «የመጨረሻ ዓመት» ሰማሁ? የመጨረሻ የተባለው ዓመት አልፎ ሌላ የመጨረሻ ዓመት ይተካል።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ኤልቤቴል፣ «አባዬ ልክ ነው፣ ጌታ ይዟታል። ግን አዳም አትክልቱ ቦታ የገባው ሊጎበኝ አልነበረም» አለች። እሷም ልክ ናት። ሁሉም ልክ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የካቲት 3

ሰነዱን ስተረጉም ዋልኩ። «ይችላል» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ቆጠርኩት። አርባ አንድ ጊዜ። ፖስተሩ ላይ አንድም የለም።

የካቲት 19

ከመናኸሪያ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር በመስታወት ደጋግሞ አየኝ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ቡና ያልቃል ያልከው?»

«ምነው?»

«ጫላ እባላለሁ፣ የይርጉ ልጅ ነኝ። ፋዘር ቆረጠው እኮ።»

«ምኑን?»

«ቡናውን ነዋ! አቀበቱን በሙሉ። እኔ ላገባ፣ መሬት ልረከብ ስል… 'ልጁ ተምሯል፣ አይዋሽም' ይላል። አንተን ነው።»

ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ተናድዶ ነው ወይስ አክብሮኝ? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 20

ሄጄ አየሁ።

አቀበቱ ራቁቱን ነው። ከመሬት ከፍ አድርገው ጎንድለውት ቢሆን በሁለት ሦስት ዓመት ባቆጠቆጠ… ከሥሩ ነው ያስነቀሉት። ጥላ የሚሆኑትን ትልልቅ ዛፎችም ለጣውላ ነጋዴ ሰጥተዋቸዋል። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ እዚህ አገር አይቼ አላውቅም። ቤቱ ጎን የባህር ዛፍ ችግኝ ተደርድሮ ዝናብ ይጠብቃል።

ጋሽ ይርጉ ወንበር አወጡልኝ። ደስ ብሏቸዋል! እንግዳ አክባሪ ሰው ናቸው።

«አባቴ ነው የተከለው» አሉ። «ግን የምትሞት ላም ሳትሞት ነው የምትሸጠው። ለልጆቼ ሬሳ ላውርስ?»

ምን ይባላል? ለመናገር አፌን ከፈትኩ… ውሃ ጠየቅሁ። ውሃ ጠጥቼ፣ «በርቱ» ብዬ መጣሁ። በርቱ! ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

የካቲት 21

ለከፍያለው ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር።

«ፎቶ አንስተሃል?»

«የምን ፎቶ?»

«ሪፖርቱ ላይ 'በራሱ ተነሳሽነት አማራጭ የወሰደ አርሶ አደር' ብለን እናስገባዋለን። እንዲህ ያለ ለውጥ እኮ በስንት ስልጠና አይገኝም።»

«ከፍያለው፣ ሰውዬው ደን ነው የቆረጡት። እኛ ደን ጠብቁ እያልን።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ የታመመች እናቱን የሚያስታምመው እሱ ነው። «እሺ፣ እሱን ሳንጠቅስ እንለፈው» አለ። ምሳ አብረን በላን።

መጋቢት 9

ዝናቡ ዘግይቷል። በየቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ተይዟል።

ለማንም የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር ውስጤ የሆነ ነገር ደስ ይለዋል። «በቃ፣ እውነቴን ነበር» ይላል። ሰው ሁሉ ዝናብ ሲለምን እኔ እንዲቀር የምመኝ… እውነተኛ ልባል ብዬ። ምን ሆኛለሁ? መጸለይ ከተውኩ ሳምንት አለፈኝ።

መጋቢት 13

ዘነበ። ኤልቤቴል ልብስ ለማንሳት ወጥታ እዚያው ቆማ ቀረች፣ በስብሳ ገባች። እኔ አልወጣሁም።

መጋቢት 21፣ እሁድ

የጪጩው ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ለኤልቤቴል ብቻ ነበር የነገርኳት። «ፈርተህ ነው ያስፈራሃቸው፤ ሳትፈራ ንገራቸው» አለችኝ።

ማይኩን ያዝኩ። «ጥር ላይ ቡና ሁሉ ያልቃል ብያችሁ ነበር። ያነበብኩት ወረቀት እንዲያ አይልም። ሊቀንስ ይችላል ነው የሚለው። የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ይርጉ፣ የነገርኩዎት ውሸት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ይርጉ ቀና አላሉም። ጉልበታቸው ላይ ያረፉትን እጆቻቸውን ያያሉ። ባለቤታቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ግን…» አልኩ። ዝናቡ በእርግጥም ጊዜውን እየሳተ እንደሆነ፣ ከቤቶቹ በላይ የጀመርነው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር እንዳለበት ልናገር ነበር። ወንጌላዊው ማይኩን ከእጄ ወሰዱ። አቀፉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሰማችሁ ወገኖች? አስተማሪያቸው ራሱ ውሸት ነው አለ! ምድራችን በእግዚአብሔር እጅ ናት!»

ሃሌሉያ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ። «እንደዚያ አላልኩም» አልኩ። ማን ይሰማል?

ከአምልኮ በኋላ ደጅ ላይ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ነገሩ ውሸት ነው አላልኩም። እኔ ዋሸሁ ነው ያልኩት።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ልዩነቱማ…»

ሰው ሊሳለም መጣ። ዞሩ።

ሸክሙ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ሁለት ሆነ።

መጋቢት 26

የቦይ ቁፋሮ ቀን ነበር። ጥር ላይ አርባ ሰው የወጣበት። ዛሬ እኔና የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ብቻ። አንዲት ሴት ውሃ ተሸክማ ስታልፍ፣ «ውሸት ነው ተባለ እኮ፣ አልሰማችሁም?» አለችን። ከልቧ ነው፣ አዝናልን።

ማታ ከፍያለው ደወለ። የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ደርሶታል። «ራስህን ማዋረድ መብትህ ነው፤ እኛን ግን…» ኮንትራቱ አይታደስም። ከንዴቱ ይልቅ የድምፁ ድካም ነው የተሰማኝ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ጪጩ ዋልን። ወንጌላዊው ሥጋውን መርጠው መርጠው ወደ እኔ ይገፋሉ። በልተን አበቃን። ስለ ኳስ አወራን።

ሚያዝያ 28

ከትናንት ጀምሮ እንደ ጉድ ይዘንባል። የዲላ አስፋልት ወንዝ ሆኗል።

ሚያዝያ 29

ጠዋት ጫላ ደወለ። «ና። አቀበቱ ወርዷል።»

ጭቃው ቁልቁል መጥቶ ከታች ወዳለው የጎረቤታቸው፣ የአትጠገብ ቤት በጓሮ በኩል ገብቷል። አልጋው ድረስ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ውሃው ሲጮህ ሰምታ ልጆቿን ይዛ ወጥታለች፣ ተመስገን። ፍየሎቿ አልቀዋል። እንሰቷ ከነሥሩ ተገንድሶ መንገድ ላይ ተኝቷል። የባህር ዛፉ ችግኝ የት እንደገባ አይታወቅም።

ዛፉ በነበረበት ዘመን ይህ አቀበት ተንቀሳቅሶ አያውቅም አሉ ሁሉም። ቦዩ ቢቆፈር ኖሮስ? ግማሹን ይይዘው ነበር… ማን ያውቃል።

ይመጣል ብዬ ያስፈራራሁበትን ጥፋት ያመጣው ያው ማስፈራሪያዬ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዙ ተቀመጥኩ። ኤልቤቴል መጥታ አነበበቻት መሰለኝ። ትከሻዬን ይዛ ቆመች።

ሚያዝያ 30

ጭቃ ስናወጣ ዋልን። ወንጌላዊ ተሾመም መጥተው ነበር፣ በሙሉ ልብስ፣ ሊያጽናኑ። አትጠገብን «እህቴ፣ ነፍስሽን ያተረፈ ጌታ ይመስገን» አሏት። «አሜን» አለች፣ ብርድ ልብሷን ከጭቃ እየጎተተች።

ጋሽ ይርጉ አካፋቸውን ተክለው መጡ። ለሁለታችንም ነው የተናገሩት፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ ነገሩን ሁሉ በሴት በሚጠሩበት አማርኛቸው።

«አንተ ያልቃል አልክ። ወንጌላዊ አያልቅም አለ። ሁለታችሁም የነገን ነው የምታወሩ። ጥር ላይ ቡናዬን ማን መጥታ አየች? ማንም። ቦዩን ማን ጨረሰች? ማንም። እኔም ሽማግሌ ሆኜ አመንኩ፣ ቆረጥኩ። የእኔም ጥፋት ናት። አትጠገብ ግን ምን አደረገች?»

ወንጌላዊው ዞረው አትጠገብን አዩ። እኔም እንደዚያው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን አንድ መልስ ነበረን።

ግንቦት 1

ሥራ ፍለጋ ሦስት ቢሮ ዞርኩ። አንዱ፣ «ያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተናገርከው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። እደውላለሁ አለ። አይደውልም።

ኤልቤቴል በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ቦታ ሊከፈት ነው ትላለች። ልጆች ፊት ቆሜ ምን ልል? አላውቅም ማለት የሚፈቀድበት ክፍል ካለ…

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ቦዩን ለመቆፈር ሄድኩ። ማንም ሳይጠራኝ። ጋሽ ይርጉና ጫላ ቀድመውኛል። አትጠገብም ልጇን አዝላ ድንጋይ ታቀብላለች። ቀስ በቀስ ሌላም ሰው መጣ፣ አሥራ አምስት እንሆናለን። ማን እንዳሳመናቸው አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም።

አራት ሰዓት ገደማ ወንጌላዊው በላስቲክ ቦቲ ብቅ አሉ። ዶማ ይዘዋል። ሰላምታ የለ፣ ስብከት የለ። አጠገቤ ገብተው መቆፈር ጀመሩ። በስድሳ ሰባት ዓመታቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያን ዕለት ማይኩን መውሰድ አልነበረብኝም» አሉ።

«ግን» ብዬ የጀመርኩትን ሳልጨርስ መውሰዳቸውን ማለታቸው ነው። በ«ውሸት ነው» እና በ«እኔ ዋሸሁ» መካከል ያለው ልዩነት ገብቷቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። አሁንም ቡናው ይኖራል ባይ ናቸው። እኔ አላውቅም። ጥር ላይ አላውቅም ማለት ሞት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስናገረው ማንም ዞሮ እንኳ አላየኝም።

ለምሳ ስንቀመጥ እንደተለመደው ወንጌላዊው ምግቡን ይባርካሉ ብለን ሁላችን አንገታችንን ደፋን። ቆጮው በረደ። ቀና ስል ወንጌላዊው እያዩኝ ነው።

«አንተ ጸልይ» አሉኝ።

ከመጋቢት ጀምሮ አንድ ቃል አልጸለይኩም። ምን ልበል? እጄ ጭቃ ነው።

«ጌታ ሆይ… ነገ ምን እንደሚሆን አናውቅም። ዋሽተናል፣ ቆርጠናል፣ ዝም ብለናል። አትጠገብን ቤቷን መልስላት። እኛንም እዚህ አቆየን።»

ሌላ አልመጣልኝም። ወንጌላዊው «አሜን» አሉ፣ ድምፃቸው ሰለል ብሎ።

ጋሽ ይርጉ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ደጋው ወደ ቡሌ በኩል፣ ወደጠቆረው ሰማይ አዩ።

«አጭር ናት፣ ጥሩ ናት» አሉ። «ቶሎ ብሉ፣ ዝናብ መጣች።»